በመንታው መንገድ ላይ የዘረጋሁት እጅ

እጅ አይዋሽም ብላ ያስተማረችን አስተማሪዋ ናት። አስተማሪ ስል ጠመኔ የምትይዝ እንዳትመስላችሁ፤ መኪና መንዳት ነው የምታስተምረው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጣ፣ ከእግሯ ሥር ባለው ትርፍ ፍሬን ሰውን ከሞት ስታድን ትውልና፣ ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ የሳምንቱን ንዴቷን በሞተሯ ላይ ትወጣዋለች። የሞተር ማኅበራችን መሪ እሷ ናት። ማኅበር የሚለው ስም ትንሽ ይበዛብናል። ስድስት ሞተር ነን፤ ከስድስቱ አንዱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ይበላሻል፤ እሱም ብዙ ጊዜ የኔ ነው።

ሕጓ እንዲህ ነው። እሷ ከፊት ትመራለች። መንገዱ መንታ በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰው ይቆምና እጁን ወደ ትክክለኛው መንገድ ይዘረጋል። የቀሩት እጁን እያዩ ያልፋሉ። ያ ሰው ጭራው እስኪደርስ ድረስ ፀሐይ ቢያቃጥለው፣ ዝናብ ቢደበድበው፣ ሽንቱ ቢወጥረው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጭራ የምንለው መጨረሻ ላይ የሚነዳውን ነው። ጭራው ሲደርስ ጡሩምባውን ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ያደርጋል፤ «አየሁህ» ማለቱ ነው። መንታ ላይ ደርሶ እጅ ያላየ ሰው ደግሞ እዚያው ይቆማል፤ በግምት አይነዳም፤ መጥተው እስኪያገኙት ይጠብቃል። ጭራው ከዘገየ ሁላችንም ወዲያው ወደ ኋላ እንመለሳለን።

«ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ካርታም ይሳሳታል፣ አፍማ ተዉት» ትላለች፤ አፍ ስትል እኔን እያየች። «እጅ ግን አይዋሽም።»

አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕግ ስንነዳ አንድም ሰው ጠፍቶብን አያውቅም ነበር።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። የተቀደደ ጎማ ስለምጠግንና ከጎማው የባሰ ወሬ ስለምቀድ ስሜን የሚጠራው የለም፤ «ቀደዳ» ነው የሚሉኝ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እኔ «ተውኩት» እላለሁ፤ እናቴ «እሱ ነው የተወህ» ትላለች። ሰው ሲስቅ ካላየሁ ምሳ የበላሁ አይመስለኝም። የእህቴ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሄልሜቱ ውስጥ የገዛ ዱቄቱን ነስንሼበት አንድ ቀን ሙሉ ፀጉሩ ሸብቶ ዋለ። መንትያዎቹን ቀለም ቀቢዎች ደግሞ የሞተር ቁልፋቸውን ለዋውጬባቸው፣ «ሞተርህ ሞተ»፣ «የሞተው ያንተ ነው» ሲባባሉ ረፋዱ አለፈ።

የወሬዬ ሁሉ ንጉሥ ግን የአምባዛው ነው። አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል አምባዛ የሚባለው ዓሣ ብቅ ብሎ ሄልሜቴን ዋጠብኝ። በዓመቱ እዚያው ቦታ ተመልሼ ፊቴን ስታጠብ ውሃው ተናወጠ፤ ያ አምባዛ ሄልሜቴን አጥልቆ ወጣ። የፊት መስታወቱን በክንፉ ከፍ አደረገና አየኝ። «ጠቦኛል፤ ከፍ ያለ ቁጥር የለህም?» አለኝ።

ይህን ወሬ ከማንም በላይ የሚወዱት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው ከኔ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ስፋቱ ካንድ አልጋ አይበልጥም፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው። ማጉያ መነጽራቸውን በቀኝ ዓይናቸው ጨምቀው ይዘው፣ ከትንኝ ያነሰ ብሎን በወረንጦ ሲያነሡ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እኔም በማየት ብቻ ትንፋሼን እውጣለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ መንገዱን ተሻግሬ እሄድና፣ መቶ ጊዜ የሰሙትን ወሬ እንደገና እነግራቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«ርዝመቱ ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ ክንድ ጋሼ! ጭራውን ሳንቆጥር!»

ያኔ ማጉያው ከዓይናቸው ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ይንከባለላል፤ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው፤ ሞተራቸውም ከሳቸው ብዙም አታንስም። በሰዓት ከአርባ በላይ ነድተው አያውቁም። ስለዚህ ጭራችን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

ጋሼ አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻቸው፤ «እታለም» ነው የሚሏት። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ወንዙ ባሕር በሚገባበት በዴልታው ጫፍ፣ የጀልባ ወደብ አጠገብ ትኖር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል። የኩርፊያው መነሻ ያባታቸው የግድግዳ ሰዓት ነው። እታለም እንዲጠግኑላት ላከችላቸው። እሳቸውም ፈትተው አስቀመጡት። በዚያው ሳምንት አንድ ደንበኛ ተመሳሳይ ሰዓት ይዞ፣ አስቸኳይ ነው ብሎ መጣ፤ ሞላው ተበጥሶበታል። ሞላ ማለት ተጠምጥሞ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የብረት ጥቅል ነው። ጋሼ ያባታቸውን ሞላ አውጥተው ለሰውየው ገጠሙለት፤ ለሦስት ቀን ነበር፣ አዲስ እስኪመጣላቸው። ሰውየው ከነሰዓቱ ከተማ ለቆ ጠፋ፤ ያ ዓይነት ሞላም መሠራቱ ቀረ። እታለም ሰዓቷን ልትወስድ ስትመጣ ከፍታ አየችው።

«ያባታችንን ሆድ ዕቃ አውጥተህ ለባዕድ ሰጠህ?» አለች። ባዶውን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰሙም።

ጋሼ ያንን ሞላ አሥራ አንድ ዓመት ፈለጉ። ባለፈው ዓመት አንድ የሞተ ሰዓት ሠሪ ዕቃ ሊጣል ሲል፣ ከቁርጥራጭ ብረት ካርቶን ውስጥ አገኙት። የገጠሙት ዕለት መንገዱን ተሻግረው፣ ሰዓቱን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደኔ መጡ። «ስማ» አሉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ለእታለም ደብዳቤ ጻፉ። መልሷ ሁለት መስመር ነበር፤ «ባሕር ማዶ ልጄ ዘንድ ጠቅልዬ ልሄድ ነው። ጀልባው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይነሣል፤ ከፈለግህ ከዚያ በፊት ና።»

«እንግዲያው የዚህ ሳምንት ጉዟችን ዴልታው ነው» አለች አስተማሪዋ። «ጋሼን እናደርሳቸዋለን፤ እሑድ እንመለሳለን።»

ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። አውቅ ነበር። ሰዓቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ያስገባሁት፣ ሳጥኑንም ከሞተራቸው ኋላ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ጠፍሬ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ዴልታውን ላላየው ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። ያ ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ትልቅ ወንዝ ባሕሩ ደጃፍ ሲደርስ ያፍራል። በየት በኩል ልግባ እያለ መቶ ቦታ ይከፋፈላል። መንገዱ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ በአፈር ክምር ላይ ይሄዳል፤ በግራም ውሃ፣ በቀኝም ውሃ፣ ከዚያ ወዲያ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሸምበቆ። ጀልባ በየደጁ እንደ ብስክሌት ታስሯል። ወንዙ በተከፈለ ቁጥር መንገዱም ይከፈላል። ስለዚህ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ አንዳችን እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ድልድይ አጠገብ ለቁርስ ቆምን። ጋሼ ከሁሉም በፊት ሳጥኑ ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ።

«እየሄደ ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው አፉ በእንቁላል ሞልቶ።

«ከኔ በተሻለ» አሉ ጋሼ።

«እታለምን መጀመሪያ ምን ሊሏት ነው?» አለች አስተማሪዋ።

«ምንም አልላትም። ጆሮዋ ላይ አስጠጋላታለሁ፤ እሱ ይናገርልኝ።»

«እኔ ልናገርልዎ ጋሼ» አልኩ። «ይህን ሞላ ያገኘነው ከአምባዛ ሆድ ነው እላታለሁ።»

«አንተ አፍህን ከከፈትክማ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ትጨምርብኛለህ» አሉና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አስተማሪዋ ሰዓቷን አየች። «አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ቀርቶናል። በጋሼ ፍጥነት እንኳ አራት ሰዓት ላይ እንገባለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ እጃችን ላይ አለ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ። እኔን ያበላሸኝ ይኸ ቃል ነው። ጊዜ የተረፈ መስሎኝ፣ ከዚያ ላይ ትንሽ ብቆርስ ማንም የማያውቅ መስሎኝ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ አንድ መንታ ላይ የመቆም ተራው የኔ ሆነ። አስተማሪዋ በቀኝ ሄደች፤ እኔ ቆሜ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ዳቦ ጋጋሪው አለፈ፤ መንትያዎቹ ምላሳቸውን አውጥተውብኝ አለፉ። ጋሼ የሉም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ፀሐይዋ አናቴን ትጠብሳለች። ቀኝ እጄ ሲዝል አወረድኩትና ግራውን ዘረጋሁ፤ ለማሳረፍ ያህል ነበር። ግራ እጄ የግራውን መንገድ ሲጠቁም አየሁት። ሰይጣኔ የመጣው ያኔ ነው።

የግራውን መንገድ አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ የጡብ ፋብሪካ መኪና ጎማ ልጠግን መጥቼበት ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ጋሼ ይሄዳሉ፣ ውሃ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ሸምበቆው ውስጥ ተደብቄ ቆይቼ፣ ሲመለሱ ዘልዬ «ጋሼ፣ አምባዛው ደህና ነው?» እላቸዋለሁ። ሳቁ ገና ሳይመጣ ሆዴን ኮረኮረኝ።

መጡ። ጡሩምባቸውን ጢጥ ጢጥ አደረጉ። ግራ እጄን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወጥሬ ያዝኩ፤ በሌላው እጄ ወደ ሞተሬ እየጠቆምኩ «ካንዴላዬን ላጽዳ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በግራ ታጠፉ። ያ የእንጨት ሳጥን ከኋላቸው እየተንቀጠቀጠ ከሸምበቆው ጋር ሲሰወር አየሁት።

አሥር ደቂቃ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ሳቄ አለቀ። የሞተራቸው ድምፅም የለም። በኋላ እንደሰማሁት ፋብሪካው ባለፈው ክረምት ድልድይ አሠርቶ ኖሮ፣ መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደሴቶቹ ይቀጥላል። እኔ የማውቀው መንገድ ከተረሳ ቆይቷል።

ሞተሬን አስነሥቼ ልከተላቸው ወደ ግራ አዞርኩ። ከዚያ አቆምኩ። ብደርስባቸው ምን እላለሁ? ሌላ መንገድ አግኝተው ከፊት ወጥተው ይሆናል አልኩ፤ ደስ የሚለኝን ማመን ለኔ ሥራዬ ነው። ወደ ቀኝ አዞርኩና ጓደኞቼ ዘንድ ሄድኩ።

የሚቀጥለው መንታ ላይ ዳቦ ጋጋሪው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። መንትያዎቹም አብረውት ቁጭ ብለዋል።

«ጭራውስ?» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብናገር ኖሮ ሁሉ ነገር ይድን ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ገና አልሞላም። አፌ ግን ልማዱ ነው፤ ከኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«ጋሼ ለዳክዬ መንገድ እያሳለፉ ነው» አልኩ። «ሺህ ዳክዬ ነው የሚሻገረው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ አልፈዋል፤ መጨረሻዋ አንካሳ ናት፣ እሷን እየጠበቁ ነው።»

ሳቁ። ዳቦ ጋጋሪው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስለሳቁ ቁጭ አሉ። ቁጭ ስላሉ ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ ሌላም ሩብ ሰዓት ተከተለ። እኔም አብሬያቸው ተቀምጬ ድንጋይ ውሃ ውስጥ እወረውር ነበር።

አስተማሪዋ ተመልሳ መጣች። ሄልሜቷን ሳታወልቅ፣ «ስንት ሰዓት እንደሆነ አታውቁም? ጭራው የት አለ?» አለች።

«ዳክዬ…» አለ አንደኛው መንትያ።

«የምን ዳክዬ?»

ሞተሯን አዞረች፤ ሁላችንም ተከተልናት። እኔ የቆምኩበት መንታ ስንደርስ ወርደን መሬቱን አየን። በግራው መንገድ አቧራ ላይ የጎማ ዱካ በግልጽ ይታያል። ያን ጎማ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ጠግኜዋለሁ፤ ጥርሱ በአንድ ወገን አልቋል።

«በግራ ነው የሄዱት» አለች አስተማሪዋ። ወደኔ ዞረች። «አንተ ወዴት ነበር ያመለከትከው?»

«በቀኝ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጋሼን ስናገኛቸው አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሁለት ድልድይ ተሻግረው፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ገብተው፣ መንገዱ እንደገና መንታ የሆነበት ቦታ ላይ ቆመዋል። ከሞተራቸው ወርደው፣ ሳጥኑን ፈትተው፣ ፀሐይ እንዳይመታው በጥላቸው ከልለውት ነበር።

«እዚህ ስደርስ እጅ የለም» አሉ። «ስለዚህ ቆምኩ። ሕጉ ነው።»

አንድ ሰዓት ተኩል ቆመዋል። ማንንም ሳይጠይቁ፣ ወደ ኋላ ሳይመለሱ፣ እጅ የዘረጋ ሰው መጥቶ እንደሚያገኛቸው አምነው ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ይኸ ፈገግታቸው እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

«ያንተን እጅ አይቼ ነው የታጠፍኩት» አሉኝ። «በግራ አላልከኝም?»

ሁሉም ወደኔ አዩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

«በቀኝ ነው ጋሼ» አልኩ። «ምናልባት ፀሐዩ… ዓይንዎ ላይ…»

አልተከራከሩኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁትና መንገዱን ትክ ብለው አዩት።

«እንግዲህ ዓይኔ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ዘመኑን ሁሉ በአንድ ዓይን ነው የሠራሁት። ደከመ ማለት ነው።»

አስተማሪዋ ጋሼን ከነሳጥናቸው ከኋላዋ አፈናጠጠቻቸው። እንዲያ ስትነዳ አይቻት አላውቅም፤ አቧራዋ ብቻ ነው የቀረልን። የኔን ሞተር ሸምበቆ ሥር ደብቀን ተውነውና የጋሼን ሞተር እኔ ይዤ ተከተልኩ። አሮጌዋ ሞተር ከአርባ በላይ አልሄድ ስትለኝ፣ እየለመንኳት፣ እየሰደብኳት ነዳሁ።

ወደቡ ላይ የደረሱት ስድስት ሰዓት ከሃያ ነው። እኔ ስደርስ ሰባት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። መንትያዎቹ ዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ይለምናሉ፤ አጥማጆቹ፣ ማዕበሉ ዛሬ ትንሽ ጀልባ አያስወጣም እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የእንጨቱ መሳፈሪያ ጫፍ ላይ አንዲት ባዶ ወንበር ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች። ትኬት ቆራጩ ለጋሼ ሲያወራላቸው ደረስኩ።

«እህትዎ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚች ላይ ተቀምጠው ነበር» አለ። «ካፒቴኑም ትልቅ ሴት ናቸው ብሎ አዘነላቸውና አሥር ደቂቃ ጠበቀ። 'እናቴ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ገጥሟቸው ይሆናል፣ ትንሽ እንጠብቅ' ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

ትኬት ቆራጩ መሬት መሬት አየ። «'ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በዕድሜው አርፍዶ አያውቅም። ካልመጣ አልፈለገም ማለት ነው' አሉ።»

ጋሼ ሳጥኑን ከፈቱ። ብርድ ልብሱን ገለጡና ሰዓቱን አውጥተው መሳፈሪያው ጫፍ ድረስ ሄዱ። ጀልባው ከጥፍር አንሶ ነበር። ያም ሆኖ ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞሩት። ሳያወርዱት ቆዩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ደወለ። ወረድ አደረጉትና ወንበሯ ላይ አስቀመጡት፤ እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ።

እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ ማንም አልቀለደም። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ዳክዬዋን አላነሣትም። አንድ ቀን ብቻ፣ እህቴ በሌለችበት፣ «እኔም እኮ ስቄ ተቀመጥኩ» አለኝ።

ጋሼ ባሕር ማዶ ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው የእታለም ልጅ ነበረች፤ «አጎቴ፣ እማዬ አላናግርም ትላለች» አለቻቸው። መንገድ ጠፍቶኝ ነው ብለው ጻፉላት። አላመነችም። ሰዓት ሠሪ፣ ያውም ወንድሟ፣ እንዴት በመንገድ ያመካኛል?

ያኔ ሁለት ወር ነበረኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር ቢጻፍ ይበቃ ነበር፤ «እትዬ፣ መንገዱን ያሳትኳቸው እኔ ነኝ» የምትል። አድራሻው ጋሼ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰዓት መስታወት ሥር ተቀምጧል። ወረቀት ገዛሁ። «እትዬ» ብዬ ጻፍኩና ጽሕፈቴን አይቼ አፈርኩ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመ ጽሕፈት። ነገ አስተካክዬ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ጎማ በዛብኝ። ከነገ ወዲያ ወረቀቱ በግሪስ ተበላሸ። እንዲህ እያልኩ ሳለሁ አንድ ማክሰኞ ጋሼ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዋሉ። በማግሥቱ ጥቁር ለብሰው መጡ። እታለም አርፋለች። ሳንባዋ ነበር አሉ።

በሳምንቱ መንገዱን ተሻግረው መጡና የሞተራቸውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ይዘሃት ኑር» አሉኝ። «እጅና እጅ መለየት ያቃተው ሰው መንዳት የለበትም። አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ።»

«ጋሼ፣ አልቀበልም።»

«ተቀበል። ያን ቀን ወደቡ ላይ እየለመንካት ስትገባ አይቼሃለሁ። አንተ ትወዳታለህ።»

ቁልፉን ጨብጬ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጎማዬን ከነውሃ ገንዳው ትቼ ወደ ሱቃቸው ገባሁ። ያባታቸው ሰዓት በግድግዳው መካከል ተሰቅሏል፤ ይሠራል። ጋሼ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ቀና ሳይሉ «ግባ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በግራ ነው ያመለከትኩት።»

«ምኑን?»

«መንገዱን። ያን ቀን። ዓይንዎ ምንም አልሆነም። በግራ እጄ፣ ወደ ግራ፣ ሆነ ብዬ ነው። ለቀልድ ነው። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የሚያልቅ መስሎኝ። ዳክዬም አልነበረም። ከዚያም ዋሸሁ። ለእታለምም ልጽፍላት እችል ነበር፤ አልጻፍኩም።»

ወረንጦውን አስቀመጡ። ማጉያውን አወለቁና በሁለቱም ዓይናቸው አዩኝ። በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ተመኝቼውም ነበር።

«ማነው የላከህ? አስተማሪዋ ናት?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ልቤ ተሰብሮ እንዳየኸኝ አውቃለሁ» አሉ። «እኔን ከጥፋቴ ልታወጣ ራስህን ልታስገባ መጣህ። ከቀደድካቸው ወሬዎች ሁሉ ደጓ ይቺ ናት።»

«ጋሼ፣ እናቴን ይንሳኝ፣ እውነት ነው!»

«እናትህን ስንት ጊዜ ነው በኔ ፊት የገደልካት? አምባዛውም ላይ በእሷ ነው የማልከው።» እጄን ያዙ፤ የተዘረጋችውን ያቺኑ ግራ እጄን። መዳፌን ገልብጠው እንደተበላሸ ሰዓት ተመለከቱት፤ በግሪስ የጠቆረውን ጣቴን አንድ በአንድ ነካኩት። «አራት ዓመት በዚህ እጅ ነድቻለሁ። በዚህስ አትምጣብኝ።»

ሌላ ምን ልበል? ዕድሜ ልኬን የሌለውን ነገር ለማሳመን አፌ አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮኝ አያውቅም። እውነት ግን እንዴት እንደሚነገር አላውቅበትም፤ እጄም ላፌ ዋስ መሆን አቃተው። ግድግዳው ሙሉ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ተቀመጥ በል» አሉኝ፤ በርጩማዋን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። «ከሳቅሁ ቆየሁ። ይልቅ ያንን የአምባዛውን ንገረኝ።»

«ዛሬ አልችልም ጋሼ።»

«ስለኔ ብለህ።»

ስለሳቸው ብዬ ነገርኳቸው። ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ አልኩ፤ ሄልሜቴን ዋጠው፤ በዓመቱ አጥልቆት ወጣ። ድምፄ ከሩቅ እንደሚመጣ የሰው ድምፅ ሆነብኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ እንደ ልማዳቸው ወደፊት ዘንበል አሉ።

«ርዝመቱ ስንት ነበር?»

«አንድ ክንድ» አልኩ። «አንድ ክንድ ቢሞላ ነው ጋሼ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሄልሜቴንም እኔው ነኝ ድልድይ ላይ ረስቼው የመጣሁት።»

ቅር አላቸው፤ መጫወቻውን እንደቀሙት ሕፃን።

«ዘጠኝ ነበር እኮ» አሉ። «ምን ነካህ? አታሳንስብኝ እንጂ።»

ቁልፋቸው ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይወጋኛል።

«እሺ» አልኩ። «ዘጠኝ።»

«ጭራውን ሳንቆጥር?»

«ጭራውን ሳንቆጥር።»

ሳቁ።